ልባስ ያልነካቸው ሦስት ነጥቦች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ እልፍ ሲል፣ ስንሻው በሚስቱ ልብ ላይ የሌላ ወንድ ምልክት አየ።

እንዲህ ሲወራ የአዝማሪ ግጥም ይመስላል። አይደለም። የጎርጎራ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የአትጠገብ ልብ የበር ያህል ሰፍቶ ይመታል፤ መሃሉ ላይ የዛሬ አራት ዓመት የተተከለላት ቫልቭ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በቫልቩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ጉልቻ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሲስተር ባንቺአየሁ ቀና ብላም አላየቻቸው። ማሽኑ «ንጹሕ» ብሏል። ማሽኑ ንጹሕ ካለ እሷ ምን ቤት ናት?

«እሰይ፣ እንደ አዲስ ነው!» አለች። «ከስድስት ወር በኋላ ያገናኘን። ቀጣይ!»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንደ ደንቡ አጨበጨቡ። በዚያ ዘመን በደረቱ ወይ በጉልበቱ ወይ በሆድ ዕቃው አንድ የተተከለ ነገር የሌለው ሰው ብርቅ ነው። በየስድስት ወሩ ይመጣል፣ ውስጡ ግድግዳ ላይ ይዘረጋል፣ ጎረቤት አይቶ ይመርቃል። «አያ ሙጨ፣ ጉልበትዎ እንዴት አምሮበታል!» ይባባላሉ። ያን ዕለትማ አንዲት ባልቴት የኩላሊቷን ቱቦ ለማሳየት የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ መጥታ ነበር።

ስንሻው አላጨበጨበም፤ ለምርመራ አብሯት ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ ከግድግዳው አልነቀል አለው።

«ምን ሆንክ?» አለችው አትጠገብ፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይጠቁርም።»

«ነይ እንሂድ አልኩሽ እኮ!»

ባልቴቲቱ ሳትቀር ዞር ብላ አየችው።

ስንሻው አልባሽ ነው፤ የጀልባ አልባሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጎርጎራ ወደብ የጀልባ ሆድ ምንም የማያስጠጋ ልባስ ሲያለብስ ኖሯል። እሱ ያለበሰውን ጀልባ የጣና ዝልግልግ አይይዘው፣ ቀንድ አውጣ አይወጣበት፣ እምቦጭ አይጠመጠምበት፤ የመጣው ሁሉ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ያ ልባስ መጀመሪያ ለጀልባ ብቻ ነበር። ከዚያ ለሆስፒታል አልጋ ሆነ፤ ከዚያ ለመርፌ፣ ለቱቦ፣ ለሰው ሠራሽ ጉልበትና ለቫልቭ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! ወጥ ቤት ገባ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከተማውን እንዳለ አለበሰው። በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በጎርጎራ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት አንድ ግድግዳ አልነበረም። የመርዶ ወረቀት እንኳ በገመድ ታስሮ ነው የሚንጠለጠለው። ዝንብ ማረፊያ አጥቶ ወደ ገጠር ተሰዷል፤ የከተማ ልጅ ዝንብን የሚያውቀው በሥዕል ነው። ከተማው ንጹሕ ነበር፣ ይህን ማንም አይክድም።

ታዲያ አልባሾች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ጀልባውን ሙሉ በሙሉ አያለብሱትም። ከአፍንጫው በታች፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ራቁቷን ይተዋሉ። «ምስክር» ይሏታል። ጀልባው በስድስት ወሩ ከውሃ ሲጎተት ምስክሯ አረንጓዴ ጢም አብቅላ፣ ቀንድ አውጣ አዝላ ትገኛለች፤ የቀረው ሆዱ እንደ መጀመሪያው ቀን ያበራል። አልባሹም ጣቱን ይቀስርና «አየህ? እኔ ባልኖር ሁለመናህ ይህን ነበር የሚመስለው» ይላል። ባለ ጀልባው አፉን ይዘጋል። የእያንዳንዱ አልባሽ ምስክር የራሱ ቅርጽ አላት፤ የስንሻው ግማሽ ጨረቃ ነች። የባልንጀራን ቅርጽ መጠቀም በሙያው ነውር ነው፤ የሰው ሚስት እንደ መንካት ይቆጠራል።

በጉልቻ አቀማመጥ ሦስት ነጥብ የሚተው አልባሽ ደግሞ በጣና ዙሪያ አንድ ሰው ብቻ ነው። አዛናው።

አዛናውና ስንሻው ሙያውን የተማሩት በአንድ መምህር ሥር፣ ጋሽ ደሳለው ዘንድ ነው። በአንድ ሳህን በልተዋል፣ በአንድ ጋቢ ተኝተዋል፣ አንዲት ልጅም ወደዋል። አዛናው ቀድሞ ሽማግሌ ላከ። የአትጠገብ አባት «እስቲ ልጅቱን እንጠይቅ» ቢሉ፣ ልጅቱ ዓይኗን ሳትሰብር «ስንሻው ሳይልክ መልስ አልሰጥም» አለችና አገር ጉድ አለ። ስንሻው በሳምንቱ ላከ። አዛናው በሠርጉ ዕለት ሚዜ ሆኖ ወገቡ እስኪቆረጥ ጨፈረ፤ የመልሱ ግብዣ እንዳለቀ ሐይቁን ተሻገረ። እዚያ ማዶ፣ ልብ ቤት በሚባለው ትልቅ ሕክምና ቤት፣ የውስጥ አልባሽነት ተማረ። በሰው ገላ የሚተከለውን የሚያለብሱትን ነው እንዲያ የሚሏቸው። እዚያው ቀረ። አላገባም። ስንሻው ይህን በየዓመቱ ያጣራ ነበር።

ቤት ሲገቡ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ቫልቭሽን ማን ነው ያለበሰው?»

አትጠገብ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አጠፈች፣ አስቀመጠች። መልሱን የሚያውቅ ሰው ሲዘገይ ያስታውቃል።

«አዛናው» አለች።

«አዛናው!»

«አዎ፣ አዛናው። ቶንሲሉ ልቤን በልቶት፣ ከንፈሬ ጠቁሮ፣ በቃሬዛ ስሻገር አልባሽ አማርጥ ነበር? አልጋዬ ድረስ መጥቶ ‹የምሠራው እኔ ነኝ። ካልፈለግሽ ሌላ ሰው ይጠራልሻል፣ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል› አለኝ። ሁለት ሳምንት ደግሞ አልነበረኝም።»

«አራት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይኸው ለዚህ ነዋ! ፊትህን በመስታወት ባየኸው!»

«ምስክሩን ትቶብሻል፣ ታውቂያለሽ? ሦስት ጉልቻውን! በሚስቴ ልብ ውስጥ ጎጆ ቀልሷል ሰውዬው!»

«አንተ፣ እኔ ጀልባ ነኝ እንዴ?»

እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ያዘም፤ ግን እጇ ሙልጭ ብላ ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ልባስ የነካ እጅ ራሱ ይለብሳል። የስንሻው የጣት አሻራ ከጠፋ ቆይቷል። ብርጭቆ በጨርቅ ነው የሚያነሳው፤ ሰው ሰላም ሲል የጆንያ ጓንት ያጠልቃል፤ ሚስቱን በባዶ እጁ ከያዛት ስንት ዘመኑ። አዛናው ግን በማሽን ነው የሚሠራው። የአዛናው እጅ እንደ ማንም ሰው እጅ ነው፣ የጨበጠውን አይለቅም። ስንሻውን ያነደደው ይህም ጭምር ነው።

አትጠገብ እጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እኔ መርጬ የገባሁት ቤት ነው። ተወኝ አሁን» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ስንሻው ሊተው ሞከረ፤ ለማለት ያህል እንጂ ሙከራውስ ሙከራ አይባልም። ረቡዕ ሥራ ገባ። ወደቡ ላይ ሦስት ይብራ ወፎች ተቀምጠው ነበር፤ ድንጋይ ወረወረባቸው። የሥራ ባልደረባው ሸሚዝ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ጠላው። ማታ ራት ሲበሉ አትጠገብ በሆነ ነገር ፈገግ አለች፤ «ምን አሳቀሽ?» ብሎ አፋጠጣት። የጎረቤታቸው ዶሮ ከአጥር ላይ ስትወድቅ ስላየች ነበር። ዶሮዋን ሄዶ አየ። ሐሙስ ባሰበት። የሚስቱ ልብ በደቂቃ ሰባ ጊዜ ይመታል፤ በመታ ቁጥር አዛናው ሲያንኳኳ ይሰማው ጀመር። እሷ ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ እሱ ደረቷን ነው የሚያየው። «እኔ ውጭውን ሳሳምር እሱ ውስጥ ገብቶ ፈረመ» አለ፣ ለብቻው ጮክ ብሎ።

ዓርብ ጠዋት ወደ አልባሾች ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጽሕፈት ቤት ይባል እንጂ ሰው የለበትም፤ የሴት ድምፅ ያላት አንዲት ሣጥን ናት። ሕጉ ቀላል ነው፤ ልጅም ያውቀዋል። በሰው ገላ የሚገባ ነገር መቶ በመቶ ይለብሳል። ምስክር ለጀልባ ነው፣ ለሰው አይፈቀድም።

«ጥቆማዎን ይናገሩ» አለች ሣጥኗ።

«አዛናው የሚባል የውስጥ አልባሽ በሚስቴ ቫልቭ ላይ ምስክር ትቷል። በዓይኔ አይቻለሁ። የሙያ ፈቃዴ ቁጥር ይኸውላችሁ።»

«ፈቃድ ያለው አልባሽ ዓይን ይታመናል። ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ስንሻው ከሣጥኗ ፊት ዞር ሲል አንጀቱ ቅቤ የጠጣ ያህል ራሰ። በመንገዱ ላይ ሙዝ ገዝቶ ገባ።

ሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ወረቀት በገመድ ተንጠልጥሎ ተገኘ። አትጠገብ ናት ያነበበችው። የሚቀጥለው ሰኞ ልብ ቤት ቀርባ ቫልቯ ሙሉ በሙሉ እንዲለብስ ተወስኗል። አዛናው ከሥራ ታግዷል። እሱ ያለበሳቸው ሌሎች አራት መቶ አሥራ ሰባት ሰዎችም በተራ በተራ ይጠራሉ። እምቢ ያለ ሰው በየትኛውም ሕክምና ቤት ደጃፍ አይስተናገድም። ከግርጌው «ልባስ እንከን የለውም» የሚል ታትሟል፤ ይህ በማናቸውም ወረቀት ግርጌ ያለ ነው።

አትጠገብ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ለባሏ ሰጠችው።

«ደረቴን እንደገና ይከፍቱታል» አለች።

«ትንሽ ነገር ናት። ቶሎ ይዘጉታል።»

«አንተ ነህ?»

«ሕጉ ነው።»

«አንተ ነህ ወይ አልኩህ፣ ስንሻው!»

ስንሻው ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ስማኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ልቤ የእኔ ነው። እናንተ ሁለታችሁ የምትፈራረሙበት ደብተር አይደለም። የመጀመሪያው ቀዳጅ ሊያድነኝ ነበር። አንተ ለምን ነው የምታስቀድደኝ?»

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ራቱን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ኩርፊያዋን አያውቅም ማለት አይደለም፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የምትዞረው እንደ ቤቱ እንግዳ ነው። ስንሻው ለራሱ «ሰኞ ይምጣ እንጂ ይጸዳል፣ ያልፋል» ይል ነበር። ቅናት ያለበት ሰው ተስፋውም እንዲህ ያለ ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ አዛናው መጣ።

ስንሻው በአንድ የዓሣ ጀልባ ሆድ ሥር ተንበርክኮ ሲሠራ ጫማ አየ። ቀና አለ። ሰውየው ሸብቷል፣ ከስቷል፣ ጃኬቱ ሰፍቶታል። እጁን ዘረጋ። ስንሻው ጓንቱን ሳያጠልቅ ጨበጠው፤ የአዛናው ጣቶች ሊይዙት ሞክረው ተንሸራተቱ።

«ምን ልታይ መጣህ?» አለው።

«ልለምንህ።»

«ምስክርህ ሊፋቅ ስለሆነ?»

አዛናው ያለ ግብዣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ምስክር ነው ብለህ ነው? አዎ፣ አንተ ሌላ ምን ትላለህ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።» ከዚያ ጠየቀ። «ስንሻው፣ የለበሰ ነገር ምን ይይዘዋል?»

«ምንም አይይዘው።»

«ሥጋስ?»

ስንሻው ወደ ጀልባው ሆድ ዞረ።

«ፋብሪካው ቫልቩን ጠርዙን ሳይቀር አልብሶ ይልካል፤ የእኔ ሥራ የጎደለ ካለ መሙላት ነው። ሐኪሙ ይሰፋዋል። ክሩ ብቻውን አምስት ዓመት፣ ቢበዛ ስድስት ይይዘዋል። ሥጋ ግን አያቅፈውም፣ ያዳልጠዋል። ከዚያ ክሩ ይላላል፣ ደም በጎን ማምለጥ ይጀምራል፣ ሰውየው እየዛለ እየዛለ ይመጣና አንድ ቀን አይነሳም። መዝገቡ ላይ ምን እንደሚጻፍ ታውቃለህ? ‹ታማሚው ከባድ ዕቃ አንስቷል።› ስንቱን ሸኘሁ መሰለህ! ለጉባኤው ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቴም ‹ልባስ እንከን የለውም› ብለው መለሱልኝ። ደክሞኝ ተውኩትና ጋሽ ደሳለው ያስተማሩንን አደረግሁ። ጠርዙ ላይ ልባሱን ፍቄ ራቁት ቦታ ተውኩ። ጀልባ ላይ ዝልግልግ እንደሚበቅለው እዚያ ቦታ ላይ ሥጋ በቅሎ ቫልቩን ጨምድዶ ይዞታል። አትጠገብ ዛሬ ቆማ የምትሄደው በእሱ ነው።»

ስንሻው መርጫውን መሬት አስቀመጠ።

«ሰኞስ?»

«ሰኞ መጀመሪያ የበቀለውን ሥጋ ይፍቁታል። ከዚያ ያለብሱታል። ክሩ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ስንት ይቀረዋል ብለህ ነው? ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ነው። የእሷ፣ የአራት መቶውም።»

ስንሻው አሁን ገባው። ሚስቱ ልትሞት ነው፤ ገዳይዋ ደግሞ እሱ፣ ሙዝ ገዝቶ የገባው እሱ። ይህን ሁሉ ሰምቶ እንኳ፣ እግዜር ይይለትና፣ ቅናቱ ከሥሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። ጠየቀ።

«ለሁሉም ነው የተውከው?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ሦስት ሦስት?»

አዛናው ሊዋሽ ይችል ነበር። አንዲት ቃል ነበረች፤ ብትወጣ ሁለቱንም ታሳርፋቸው ነበር። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ አትጠገብን ያጣትም ገና ሲጀምር «ስንሻውም ይወድሻል» ብሎ ነግሯት ነው ይባላል።

«ለሌላው አንድ» አለ። «አንድ ይበቃል። ለእሷ... ሦስት ተውኩ።»

«ለምን?»

«ፈራሁ። አንዱ ባይበቃስ አልኩ። ሁለት ተውኩ፣ አሁንም ፈራሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።»

የስንሻው ዓይን ደም ለበሰ። ተነስቶ ቆመ፤ የሚያደርገው ግን ጠፋው። አንገቱን ቢያንቀው አይያዝለትም። ቢሰድበው ሰውየው ሚስቱን ነው ያዳነው። «ሂድልኝ!» አለው። «ሂድልኝ ከዚህ!»

አዛናው ተነሳ። «ጥቆማውን ማንሳት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። የማሽኑ ዓይን ነጥቦቹን ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ‹ጥላ ነው ያየሁት› ካልክ ነገሩ ይዘጋል፣ የአራት መቶው ሰው ጥሪም ይቀራል። ዓይኑ የሳተ አልባሽ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመትህን ነው የምለምንህ።» ብሎ ወደ ጀልባው ወረደ።

ሐሙስን ስንሻው ሥራ አልገባም። የወደቡ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ውሎ ያሰበውን ቢናገር ሰው ይስቅበታል። አንዱ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ጉባኤውን ለምኖ ሁለቱን ነጥብ አስፍቆ አንዱን ብቻ ማስቀረት ቢቻልስ? እንደ ማንኛዋም ታማሚ አንድ ነጥብ ይኑራት! አንዷን እንኳ እችላለሁ አለ። ወዲያው ደግሞ የአዛናው እጅ ሲንቀጠቀጥ ታየው። እሱ ራሱ ያን ቀን የት ነበር? ልብ ቤት ደጃፍ፣ የጆንያ ጓንቱን አጥልቆ፣ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር። እሱም ፈርቶ ነበር። አዛናውን የሚለየው የፈራውን ያህል ማድረግ መቻሉ ነው። ይህ ሐሳብ ከሁሉም በላይ አመመው። አንድ ቫልቭ፣ ሦስት ነጥብ፤ ከተወው ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ፍቅር ይዟት ሊኖር ነው። ካልተወው ዕድሜ የላትም።

ዓርብ ጠዋት ጉባኤው ፊት ቀረበ። ጥቆማን ማንሳት በሣጥን አይሆንም፤ ሰው ፊት ነው። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጥሩዓለም የተባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ግድግዳው ላይ የአትጠገብን ልብ ዘርግተውታል።

«አቶ ስንሻው፣ አሁንስ ምን ይታይዎታል?»

ነጥቦቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሦስት።

«ጥላ ነው» አለ። «ያን ዕለትም ጥላ ነበር ያየሁት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ዓይን ጥላን ከምስክር አይለይም?»

«ቅናት አሳወረኝ።»

ከዳር የተቀመጠው ሰው ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ወይዘሮ ጥሩዓለም አልሳቁም።

«በማን ነው የቀኑት?»

«በአዛናው። ሚስቴን ቀድሞኝ የጠየቃት እሱ ነው። ስሙን ስሰማ ደሜ ፈላ፣ ያልነበረ ነገር አየሁ። በሐሰት ጠቁሜዋለሁ። ሥራው ንጹሕ ነው።» በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ እውነትና እንዲህ ያለ ውሸት በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አያውቅም።

«ፈቃድዎን እንደሚያጡ ያውቃሉ?»

ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ጠረጴዛው የለበሰ ስለሆነ ወረቀቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አንስቶ በእጃቸው ሰጣቸው።

ወይዘሮ ጥሩዓለም ወረቀቱን ተቀበሉ። ወደ ግድግዳው አንዴ አዩ፤ አስተውለው። እሳቸውም አልባሽ ነበሩ በወጣትነታቸው።

«ለመሆኑ፣ አሁን ቅናቱ ለቀቀዎት?» አሉት።

«አለቀቀኝም» አለ ስንሻው። «እሷ ግን ትኑርልኝ።»

«ጥላ ተብሎ ይጻፍ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ግድግዳውንም አጠፉት።

ቤት ሲደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። አትጠገብ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ የጥሪው ወረቀት መሰረዙን የጎረቤት ልጅ አስቀድማ ነግራታለች።

«ምን አልካቸው?» አለችው። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ጥላ ነው ያየሁት አልኳቸው።»

«ፈቃድህስ?»

«ወሰዱት።»

ወደ ውስጥ አስገባችው፣ አስቀመጠችው፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አዛናው ረቡዕ መጥቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምን አለህ?»

ስለ ሥጋውና ስለ ክሩ የሰማውን አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች፤ አንድ ጊዜ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ።

«ለሁሉም ነው የሚተወው» አለ ስንሻው። «ለአራት መቶውም።»

«ስንት ስንት?»

እዚህ ላይ ደረሰ። ሙያውን ሰጥቷል፣ ስሙን ሰጥቷል፣ አገር እንዲስቅበት ፈቅዷል። ይህችን አንዲት ነገር ግን እንዴት አድርጎ ይስጣት? ብትሰማ ምን ታስባለች? ልቧ ወዴት ይሄዳል? ሆድ ይፍጀው አለ።

«ሦስት ሦስት» አላት። «ለሁሉም እኩል።»

አትጠገብ አልተቆጣችም።

«ልብ ቤት፣ ጠያቂ በማይገባበት ክፍል ሃያ ቀን ተኝቻለሁ፣ ስንሻው። በየአልጋው ራስጌ የባለቤቱ ልብ ተሰቅሎ ሲመታ ነው የሚውለው፤ ሌላ የሚታይ ነገርም የለም። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ስምንቱ አንድ አንድ ነጥብ ነው ያላቸው። ሦስት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። «ታውቂያለሽ እንግዲህ።»

«የዚያን ጊዜውኑ ነው የገባኝ። እሱም መረዳቴን ያውቃል። ስወጣ ‹እግዜር ይስጥልኝ› አልኩት፣ ከጀልባው ተሳፈርኩ፣ ወዳንተ መጣሁ። እዚህ ቤት አራት ዓመት የኖርኩት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ማንም ይዞኝ አይደለም።»

ስንሻው አንገቱን እንደደፋ፣ ምንም የማይይዘውን ባዶ እጁን ዘረጋላት።